ነጂባ የፈራችው ቁጥር

ነጂባ ማረፏን የነገሩኝ ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። ሰበታ ባለ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ለረጅም ዘመን የቦይለር ሠራተኛ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ስልኩን እንዳነሳሁ እንደ ወትሯቸው "አካም፣ ነጉማ?" አሉኝና ዝም አሉ። ኦቦ ቶሎሳ ሰላምታ አሳጥረው አያውቁም። የልጆቹን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ነገር ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ አይገቡም። ያን ቀን ግን አንዱንም አልጠየቁም።

"ያቺ እህታችን ሄደች" አሉ በመጨረሻ። "ትናንት ሱሉልታ ቀብረዋታል። እኔም ገና አሁን ሰማሁ።"

ከዚያ በኋላ ምን እንደተባባልን አላስታውስም። የማስታውሰው ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ታክሲ ተራው ላይ ቆሜ እንደቀረሁና ሰልፉ እኔን እያለፈ እንደሄደ ነው። የተሰማኝ ሐዘን ብቻ አልነበረም። ቤት ውስጥ ዘወትር ነቅቶ በር የሚጠብቅ ሰው በድንገት ሲታጣ የሚሰማው ዓይነት ስጋት ነበር።

ነጂባ ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ፈሪዋ ነበረች። ይህን ስል እያማኋት አይደለም፤ ራሷም ትለው ነበር። የቢሮው ጄኔሬተር በድንገት ሲነሳ ከወንበሯ ትዘላለች። ምንጊዜም የምትቀመጠው በር አጠገብ ነው። ሊፍት አትገባም። ሰው "ችግር የለም" ሲላት ይብስ ፊቷ ይጠቁራል። "ችግር የለም የሚለኝን ሰው ነው የምፈራው" ትላለች፤ "ችግሩን ያላየ እሱ ነው።"

ቢሯችን ቡራዩ ውስጥ፣ ከመኪና መለዋወጫ ሱቆች በላይ ነበር። ጥቂት ሰዎች ነን። ለፋብሪካዎች የመቆጣጠሪያ ሳጥን እንሠራለን። ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር አለች፤ ለእሷ ነው ፕሮግራም የምንጽፈው፦ እሳቱን መቼ አጥፊ፣ ውሃውን መቼ አስገቢ፣ ደወሉን መቼ አሰሚ የሚል። ነጂባ የፕሮግራም ክፍሉ ኃላፊ ናት። አባቷ ከወሎ መጥተው ሰበታ ገበያ ውስጥ የሚስማርና የቆርቆሮ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ፤ እሷም እዚያው ተወልዳ አድጋ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባችው። እኔ ስቀጠር እሷ አርባዎቹን አጋምሳ ነበር። በመጀመሪያው ቀን "እርስዎ" ስላት ሻሿን እያስተካከለች ሳቀች።

"ዮናስ፣ አንቺ በለኝ። እርስዎ የሚሉኝ ሰዎች ስሳሳት አይነግሩኝም።"

ዓይኗ ደህና አልነበረም። ግላኮማ ነው ብለዋታል። ከዳር ከዳር እየጨለመባት ነው፤ መሃል ያለውንም ቢሆን አንዳንዴ ደርባ ታየዋለች። ስለዚህ ቁጥር ስታነብ የእርሳሷን ጀርባ ስክሪኑ ላይ ታሳርፍና ከቀኝ ወደ ግራ ሦስት ሦስት እያደረገች ትከፍለዋለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። "ሺህ... ሚሊዮን..." ትላለች በሹክሹክታ፣ ጨለማ ውስጥ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው። ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ ዓይኖቿን በመዳፏ ትጫናለች።

ከሁሉ በላይ የምትፈራው ረጅም ቁጥር ነበር።

"ዜሮ ሲበዛ ዓይን መቁጠር ያቆማል" ትል ነበር። "መገመት ይጀምራል። እኔ በሽተኛ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። እናንተ ጤነኞቹ ደግሞ ሳታውቁት ትገምታላችሁ።"

ለዚህ ፍርሃቷ መድኃኒት አላጣችም። አንዳንድ የፕሮግራም ቋንቋዎች በአኃዞች መሃል አንደርስኮር፣ ያችን ታች የምትሰመረውን ትንሽ ሰረዝ፣ ማስገባት ይፈቅዳሉ። ለኮምፒውተሩ ትርጉም የላትም፤ አይቶ ያልፋታል። ለሰው ግን ሺሁን ከሚሊዮኑ ትለይለታለች። እኛ የምንጽፍበት ቋንቋ ይህን የፈቀደው በአዲሱ እትሙ ነው። እኛ ጋ ያለው ኮምፓይለር፣ ማለትም የጻፍነውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ፕሮግራም፣ አሮጌ ነበር፤ ሰረዟን ካየ ስህተት ነው ብሎ ይመልሳል። ነጂባ እንቀይረው ብላ ሥራ አስኪያጃችንን ግርማን ለመነችው። ግርማ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን የሚሠራን ነገር መነካካት አይወድም።

"ለአንዲት ሰረዝ ብለን ሁሉን ከሥር እንናደው?" አላት።

እሷም ትንሽ ፕሮግራም ጻፈች። ቁጥሩን በሰረዝ ከፋፍለህ ትጽፋለህ፤ የእሷ ፕሮግራም ሰረዞቹን አንስቶ ለአሮጌው ኮምፓይለር ያቀብላል። በተቃራኒውም ይሠራል፤ ተጣብቆ የተጻፈን ቁጥር ለማንበብ እንዲመች ከፋፍሎ ያሳያል። እኔና ሌሎቹ መጠቀም ጀመርን። ሳሙኤል ግን እምቢ አለ።

ሳሙኤል ከመሃላችን ፈጣኑ ነበር። ሲጽፍ ጣቶቹ አይታዩም። ልቡም ደግ ነው፤ ማንም ሰው የጻፈው ፕሮግራም እምቢ ሲለው ወንበሩን ስቦ የሚመጣው እሱ ነው። ግን ሰረዟ የነጂባ ዓይን መነጽር እንጂ የሥራ ደንብ አትመስለውም ነበር። አንድ ቀን ፊት ለፊት ተነጋገሩበት።

"ኮምፒውተሩ መቼ ተቸገረ?" አላት።

"ኮምፒውተሩማ አይቸገርም። ኮምፒውተሩ አይቃጠልም።"

"ነጂባ፣ እኔ እኮ ዜሮ መቁጠር እችላለሁ።"

"እርግጠኛ ነህ ወይስ ይመስልሃል?" ይህች ጥያቄ የዘወትር ጥያቄዋ ናት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ስንናገር እናርፋለን፣ ሳሚ። ሚሊዮን ብለን እንተነፍሳለን፤ ሺህ ብለን እንተነፍሳለን። የድሮ ጽሑፍ አይተሃል አይደል? በየቃሉ መሃል ሁለት ነጥብ አለ። ብራና እንደዚያ ውድ ሆኖ ለምን ቦታ አባከኑ?"

"ለማንበብ እንዲመች ነዋ።"

"እና ለቁጥር ሲሆን ምነው ጨከንክ?"

ሳቅን። ሳሙኤልም ሳቀ። በሰረዝ ግን አልጻፈም።

ያ ነገር የሆነው ክረምት ላይ ነው። የሰበታው ጨርቅ ፋብሪካ ቦይለር ከቀድሞ ጀምሮ በእኛ ሳጥን ነው የሚሠራው። ቦይለሩ እንፋሎት እያመረተ ወደ ማቅለሚያ ማሽኖቹ ይልካል፤ የእኛ ሳጥን ግፊቱን እየለካ ልኩ ላይ ሲደርስ እሳቱን ያጠፋል። የቀድሞው መለኪያ ግፊቱን በባር ይቆጥር ስለነበር የመጨረሻው ልክ ፕሮግራሙ ውስጥ የተጻፈው 9 ተብሎ ነበር። አንድ አኃዝ። መለኪያው ሲበላሽ የተተካው አዲሱ ግን የሚቆጥረው በፓስካል ነው፤ አንድ ባር መቶ ሺህ ፓስካል ይሆናል። ያ ዘጠኝ ወደ ዘጠኝ መቶ ሺህ መለወጥ ነበረበት። ሳሙኤል ለወጠው። ከእሱ ሌላ አንድ ባልደረባችንም አየው፤ ግርማም አይቶ አጸደቀው። ነጂባ በዚያ ሳምንት ለዓይኗ ሕክምና ፈቃድ ወጥታ ነበር።

አዲሱ ፕሮግራም በተጫነ ማግስት ጠዋት ተመለሰች። በፋሻ የተሸፈነውን አንድ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጋርዳለች። ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ "እኔ በሌለሁበት ምን ወጣ?" ብላ ጠየቀችና የሰበታውን ፕሮግራም ከፈተች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ስክሪኑ ላይ እንዲህ የሚል ቁጥር አየሁ፦

9000000

ምንም አልታየኝም። ዘጠኝና ብዙ ዜሮ ነው። እሷም እርሳሷን አንስታ ልትከፍለው ሞከረች፤ ግን አንድ ዓይን ብቻ ስለነበራት እርሳሱ ተንሸራተተባት። ተወችውና የራሷን ፕሮግራም አስነሳች። ቁጥሩ ተከፋፍሎ መጣ፦

9_000_000

"ዮናስ" አለችኝ። "አንብብልኝ።"

"ዘጠኝ ሚሊዮን።"

"እንደገና።"

እንደገና አነበብኩት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። 900_000 መሆን ነበረበት። እሳቱ የሚጠፋበት ልክ ከሚገባው አሥር እጥፍ ሆኗል። ያ ቦይለር ያንን ግፊት ከመድረሱ ብዙ ቀድሞ ይፈነዳል። በሌላ አነጋገር እሳቱን የሚያጠፋ ማንም የለም።

ነጂባ አልጮኸችም። ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሳሙኤል ተነስቶ መጥቶ ከኋላችን ቆሟል። ስክሪኑን አየ።

"ግን እኮ ከትናንት ጀምሮ እየሠራ ነው" አለ። "ምንም አልሆነም።"

"ማሽኖቹ እንፋሎቱን እየበሉት ስለሆነ ነው" አለች ነጂባ። "እነሱ እስከሠሩ ድረስ ግፊቱ አይጠራቀምም። ትናንት የጫንከው ከምሳ በኋላ ነው አይደል? ሌሊት ደግሞ ቦይለሩ አይነሳም። ዛሬ ምሳ ሰዓት ማሽኖቹ ሲቆሙ እንፋሎቱ ወዴት ይሄዳል?"

ስልኮቻችንን አነሳን። የቦይለር ክፍል ሠራተኞች ስልክ ይዘው መግባት ስለማይፈቀድላቸው የኦቦ ቶሎሳ ስልክ ዝግ ነው። የፋብሪካው ቢሮ መስመር ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። የጥገና ኃላፊው ከአገልግሎት ክልል ውጪ ነው ይለናል። ነጂባ ግርማን "አንተ መደወልህን አታቁም" ብላው ደረጃውን በእጇ ግድግዳውን እየዳበሰች ወረደች። መኪና ያለው ሳሙኤል ብቻ ነበር።

ከቡራዩ ሰበታ በአዘቦት ቀን እንኳ የሚያሰለች መንገድ ነው። በዚያ ላይ ዝናብ። ከተማውን አቋርጠን አየር ጤና ስንደርስ መኪናው ሁሉ ቆሟል። አለም ገና አካባቢ ፍተሻ ነበር። ከባድ መኪኖቹ ተሰልፈዋል፤ አንዱ ፖሊስ ዝናብ ልብሱን ደርቦ እያንዳንዱን መኪና ቀስ ብሎ ያያል። እኔ ከኋላ ወንበር እደውላለሁ። ሳሙኤል መሪውን ጨብጦ ከንፈሩን ይነክሳል። አንድ ጊዜ ከሰልፉ ወጥቶ በተቃራኒው መስመር ሊያልፍ ሞከረ።

"ሳሚ" አለች ነጂባ ከፊት ወንበር። "ቀስ በል። መንገድ ላይ ከቀረን ማንም አይነግራቸውም።"

"እኔ ነኝ እኮ..."

"አሁን አይደለም። አሁን ንዳ።"

ከዚያ ወዲያ ሲነጋገሩ አልሰማሁም። እሷ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ስትል ትሰማኛለች። ፖሊሱ ጋ ስንደርስ መስኮቱን አወረደች፤ ፋሻዋን አየና "ሐኪም ቤት ነው?" አላት። "ሰው ሊጎዳ ነው፣ ወንድሜ" አለችው። ፊቷ ላይ ያየውን እንጃ፣ ኮፈኑን እንኳ ሳያስከፍት አሳለፈን።

ፋብሪካው በር ስንደርስ የምሳ ደወል ተደውሏል። ዘበኛው መታወቂያ ሲጠይቅ ሳሙኤል መኪናውን በሩ ላይ ጥሎ ሮጠ፤ እኔ ነጂባን በክንዷ ይዤ ተከተልኩ። ግቢው ጭቃ ነው። የቦይለሩ ክፍል ጥግ ላይ ያለች ባለ ብሎኬት ቤት ናት። እዚያ ስንደርስ የማቅለሚያ ክፍሉ ሴቶች ብርዱንና ዝናቡን ሸሽተው፣ ከቦይለሩ ክፍል ግድግዳ ጥግ በቆርቆሮው ጥላ ሥር በረድፍ ተቀምጠዋል። ግድግዳው ይሞቃላ። ጀርባቸውን አስደግፈው ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው እየተጎራረሱ ይሳሳቃሉ።

"አስነሳቸው" አለችው ነጂባ ሳሙኤልን። "ሁሉንም። ወደ በሩ።" ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ከእኔ ጋር ና። የግፊት መለኪያውን መርፌ ማየት አልችልም።"

ልዋሽ አልፈልግም፤ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከውስጥ የሚመጣው የእሳቱ ጩኸት ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል። እሷ ግን በሩን ገፍታ ገባች፤ ተከተልኳት።

ኦቦ ቶሎሳ ከሳጥናችን ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩን ተነሱ።

"ኦቦ ቶሎሳ፣ እሳቱን ያጥፉት" አለች ነጂባ። ለሰላምታ ጊዜ አልነበራትም።

"ለምን? ደህና እኮ ነው።" ሳጥኑን አሳዩን። አረንጓዴ መብራቱ በርቷል። እኛ የጻፍነው ፕሮግራም በትልልቅ ፊደል ደህና ነው ይላል። "ይሄ ላይ ያለው አሮጌው ጌጅ፣ ባለ መርፌው፣ ነው የተበላሸው። ከጠዋት ጀምሮ እያሳሳተ ነው።"

ቀና ብዬ ቦይለሩ ራስ ላይ ያለውን፣ ከሳጥናችን ጋር ያልተገናኘውን ክብ መለኪያ አየሁ። መርፌው ቀዩን መስመር አልፏል።

"የት ነው?" አለችኝ ነጂባ።

"ከቀዩ በላይ።"

"ይንቀሳቀሳል?"

"ይወጣል። ቀስ ብሎ።"

"ሴፍቲ ቫልቩስ?" አለቻቸው ኦቦ ቶሎሳን። ሳጥኑም ሰውም ሲሳሳቱ እንፋሎቱን በራሱ የሚያስተነፍስ ቫልቭ ነው። "መተንፈስ ነበረበት እኮ!"

ኦቦ ቶሎሳ ራሳቸውን አከኩ። "ሲያፈስ አስቸግሮ የጥገና ልጆቹ ብሎኑን አጥብቀውታል። ሂን ሶዳቲን፣ እህቴ። አትፍሪ። ሳጥኑ ያውቃል።"

ያኔ ነው ያንን ያደረገችው። ወደ ኦቦ ቶሎሳ ቀረበችና ሁለት እጇን ፊታቸው ላይ ዘረጋች። እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል።

"ይዩት" አለቻቸው። "ይህን ሳጥን የሠራሁት እኔ ነኝ። እኔ ፈርቼዋለሁ። እርስዎ በማን ተማምነው ነው የማይፈሩት?"

ሽማግሌው እጆቿን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው አሮጌውን ጌጅ ተመለከቱ፤ በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ያመኑት መሰለኝ። ምንም ሳይሉ ዞረው ቀዩን ቁልፍ በመዳፋቸው መቱት።

የእሳቱ ጩኸት ቆመ። የተከተለው ጸጥታ ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራኝ። ብረቱ ቋ፣ ቋ ይላል። የሆነ ቦታ ላይ ቀጭን ፉጨት አለ።

"መርፌው?" አለች ነጂባ።

"አሁንም ይወጣል።"

"ብረቱ ገና ትኩስ ነው፤ ይወጣል። ኦቦ ቶሎሳ፣ ውሃ እንዳያስገቡበት። ወደ ማሽኖቹ የሚወስደውን መስመር ይክፈቱልኝ። ቀስ ብለው። በጣም ቀስ ብለው።"

ኦቦ ቶሎሳ ትልቁን መዘውር ያዙ። ትንሽ አዞሩት፤ ቧንቧው አቃሰተ። ነጂባ ዓይኗን ጨፍና በጆሮዋ ትከታተላለች። "ትንሽ ይጨምሩ" ትላለች። "ይበቃል። ይጠብቁ። ዮናስ?"

"ቆሟል።"

"እርግጠኛ ነህ ወይስ ይመስልሃል?"

ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቷል። ጠረግሁትና እንደገና አየሁ። የምመልስላት ቃል የሰው ሕይወት ሆኖ ሳለ የማየውን ነገር ተጠራጠርኩት። ዓይን እንዴት ያለ ከንቱ ነገር ነው! ተጠጋሁ። መርፌው ከቀዩ መስመር በላይ ቆሟል፤ ከዚያ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ አንዲት ፀጉር ያህል ወረደ።

"ወረደ" አልኳት። "እርግጠኛ ነኝ። እየወረደ ነው።"

እንዲያም ሆኖ አልወጣችም። መርፌው ከቀዩ ወርዶ፣ ከተለመደው ልክም በታች እስኪሆን ድረስ ቆመች። እኔም እሷን ትቼ መውጣት አፍሬ ቆምኩ።

ውጭ ስንወጣ ሴቶቹ በሩ አጠገብ ዝናብ ላይ ተሰብስበው ይቆጣሉ። ሳሙኤል መጀመሪያ ሲለምናቸው ስቀውበት ነበር አሉ፤ አንዷ "እዚህ ደረቁ ላይ በበላን ምን አጠፋን?" ብላ አልነሳም ስትለው እንደ እብድ ጮኸ። እሷ ስትነሳም የቀረውን ምሳ ዕቃ ሁሉ ታቅፎ ሸሸ። አሁንም እንደታቀፈው ነው። እኛን ሲያየን ምሳ ዕቃዎቹን መሬት ላይ አስቀመጠና ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

ነጂባ ጎኑ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ውሃ ሰጠኋት፤ መያዝ አቃታት፤ እኔ ነኝ ያጠጣኋት።

"ገድያቸው ነበር" አለ ሳሙኤል።

"ሦስት ሰው ነው ያየው" አለችው። "ሦስታችሁም ጤነኛ ዓይን አላችሁ። እኔም ሰረዙ ባይኖር ኖሮ አላየውም ነበር። ተነስ፣ ይበርድሃል። አሁን የምፈራው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ሌሎቹን ቦታዎች ነው" አለችው።

በሚቀጥሉት ሳምንታት የሠራናቸውን ሳጥኖች ሁሉ ዞርን። ገላን ያለ አንድ መጋዘን ውስጥ ዜሮ የጎደለው ቁጥር አገኘን፤ ደግነቱ የሚያስከትለው ነገር ቀላል ነበር። በእያንዳንዱ ፋብሪካ በር ላይ ሳሙኤል ከመኪናው ከመውረዱ በፊት ትንሽ ይቀመጥ ነበር። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የጨርቅ ፋብሪካው ቫልቭ ተቀየረ። ግርማ ከዚያ በኋላ ስለ አዲሱ ኮምፓይለር አልተከራከረም። ነጂባ ግን ለውጡንም ፈራችው፤ የቆዩትን ፕሮግራሞች ሁሉ በአዲሱ አስተርጉማ፣ ውጤታቸውን ከአሮጌው ጋር አንድ በአንድ ሳታመሳክር አንዱንም አላስጫነችም። ሰረዝ የሌለበት ረጅም ቁጥር ሲያገኝ ፕሮግራሙን አልቀበልም የሚል መቆጣጠሪያም ተጨመረ። እሱን የጻፈው ሳሙኤል ነው፤ ማንም አላዘዘውም።

ዓይኗ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየላትም። ሥራ ስታቆም ሱሉልታ እህቷ ዘንድ ገባች። ልቧም ደካማ ነው ይሏት ጀመር። አልፎ አልፎ እሄድ ነበር። የመጨረሻውን ጊዜ አልረሳውም። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከእንጦጦ በስተጀርባ የሚመጣው ነፋስ መስኮቱን ያንኳኳል። እህቷ ፍራሽ አንጥፋላት ጀርባዋን በትራስ አስደግፋታለች። ከስታለች። ድምፄን ስትሰማ ወዲያው ስለ ሥራ ጠየቀችኝ። ምን እየሠራችሁ ነው? የትኛው ፋብሪካ? ማን አየው? ማን ደገመው? ነገርኳት።

"እኔ እኮ" አለችኝ፣ "ዓይኔ መጥፋቱን ያን ያህል አልፈራሁትም። ሰው ግን ያ ነው የሚመስለው። የከበደኝ ብቻዬን መፍራት ነበር። ሁላችሁ ተረጋግታችሁ ስትስቁ እኔ ብቻ የማይ ይመስለኝና፣ ወይ አብጃለሁ ወይ አንድ ነገር ሊመጣ ነው እላለሁ። እቤት ገብቼ እንኳ ጎኔ አያርፍም ነበር።"

ያዘነበለውን ትራሷን አቃናሁላት።

"አሁን እዚያ ማን ይፈራል?" አለችኝ።

"ሳሙኤል።"

"በጣም?"

"በጣም። የቢሮው ልጆች ተሰላችተውበታል። አዲስ ፕሮግራም በተጫነ ቁጥር ፋብሪካው ድረስ ሄዶ ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ቆሞ ይጠብቃል።"

"ቆሞ?"

"ቆሞ።"

አልሳቀችም፤ ግን ትከሻዋ ወረደ። "አልሐምዱሊላህ" አለች በቀስታ። ሌላ ነገር ልጠይቃት ስል እህቷ ከበሩ ላይ ሆና ጣቷን አፏ ላይ አደረገችብኝ። ወደ ፍራሹ ዞርኩ። ነጂባ እንቅልፍ ወስዷታል።